ዘር ስለ ቆጠረው ሰው

በዚህ ዘመን «ዘር እቆጥራለሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ምን እንደምታስቡ አውቃለሁ። ቃሉ ተበላሽቷል። በአማርኛ ዘር አንድም ጎታ ውስጥ የሚቀመጠው ነው፣ አንድም የሰው ሐረግ ነው፣ አንድም ፖለቲካው ነው፤ ሦስተኛው ሁለቱን ውጧቸዋል። እኔ የማወራው ስለ መጀመሪያው ነው። የገብስና የስንዴ ዘር ሲቆጥር ኖሮ እስር ቤት ስለ ሞተ አንድ ሩሲያዊና ስለ ጻፈው መጽሐፍ። ሰውየው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው፤ መጽሐፉ «አምስት አህጉራት» ይሰኛል። አንዱ ምዕራፍ ስለ እኛ ነው።

ያነበብሁት እ.ኤ.አ. በ1997 ሮም ላይ የታተመውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ሩሲያኛው የወጣው በ1962 ነው፤ ደራሲው ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ። በመካከል ያለው ጊዜ ራሱ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ቫቪሎቭ ጽሑፉን ሳይጨርሰው ታሰረ፤ ከእጅ ጽሑፉ ብዙው ክፍል ጠፋ። የቀረውን ያተረፈችው ቃሉን እየተቀበለች ትጽፍለት የነበረች ስቴኖግራፈር ናት፤ ደብቃ አቆየችው። «ኦሮማይ» ከገበያ ሲሰበሰብ በየሰው ቤት የተደበቀውን ቅጂ ለሚያስታውስ፣ የበዓሉ ግርማንም ነገር ለሚያውቅ አንባቢ ይኼ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ሰውየው ይጠፋል፤ ወረቀቱ የሆነ ሰው ጓዳ ውስጥ ይቀራል።

የኢትዮጵያው ምዕራፍ ከተረፉት አንዱ ነው፤ ደግሞም ጥሩ ምዕራፍ ነው። ቫቪሎቭ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ድሬዳዋን፣ ሐረርን አይቶ አዲስ አበባ ይገባል። ጊዜው 1919 ዓ.ም. ነው፤ ንግሥቲቱ ዘውዲቱ ናቸው፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ። ራስ ተፈሪ ተቀብለው ያነጋግሩታል፤ ስለ ሩሲያ አብዮትና ስለ ዛሩ ቤተ መንግሥት ዕጣ በጉጉት ይጠይቁታል። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ቆም አልሁ። ጠያቂው ከ48 ዓመት በኋላ በገዛ አገራቸው አብዮት ተይዘው ይሞታሉ። ተራኪውን ደግሞ የሚተርከው አብዮት ከ16 ዓመት በኋላ እስር ቤት ውስጥ ይጨርሰዋል። ሁለቱም አያውቁም። ደራሲው ሲጽፈውም አያውቅም፤ ስለዚህ ገጹ ላይ አንድም የትንቢት ቃል የለም። እኛ ግን ያንን ገጽ ሳናውቅ ልናነበው አንችልም።

ከአዲስ አበባ በበቅሎ ቅፍለት ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ዓባይን ተሻግሮ ጎንደር፣ ከዚያ አክሱም፣ ከዚያ አስመራ። ላሊበላ መንገዱ ላይ የለችም፤ ላስታን በስተምሥራቅ ትቶት አለፈ። (የላስታ ሰው ነኝና ይኼን ሳልጠቅስ ብቀር አያስችለኝም።) ሌሊት ድንኳኑን ጊንጥና ሸረሪት ይወሩታል። ሽፍታ ያጋጥመዋል፤ ሁለት ጠርሙስ ኮኛክ ሰዶ ይገላገላቸዋል። አክሱም አካባቢ ደግሞ የጉዞው ትልቁ ግኝት ይጠብቀዋል፤ ዛላው ላይ ያ የሚዋጋው ጢም የሌለው ጠንካራ ስንዴ፣ ማለትም የፓስታው ስንዴ ወገን። ቫቪሎቭ በ1920 ባወጣው ሕግ፣ የሚዛመዱ ዕፅዋት ተመሳሳይ ዓይነት ልዩነቶችን ያሳያሉ ብሎ ነበር። ጢም አልባ የዳቦ ስንዴ ካለ ጢም አልባ ጠንካራ ስንዴም ሊኖር ይገባል። ወረቀት ላይ ያሰበውን ሰው ማሳ ውስጥ በቅሎ አገኘው። እንዲህ ያለ ደስታ በመጽሐፍ ብዙ አላየሁም፤ ሰውየው ዝም ብሎ ሳይንቲስት ሳይሆን እንደ ልጅ የሚደሰት ሰው እንደ ነበር ከዚህ ገጽ ይገባችኋል።

የምዕራፉ ድክመትም እዚሁ ነው። ራስ ተፈሪ ይናገራሉ፤ ሽፍቶቹ ኮኛክ ይጠጣሉ። ያን ስንዴ ዓመት ለዓመት መርጦ ያቆየው ገበሬ ግን የታሪኩ ባለቤት ሆኖ አይቆምም። እንደ ተራራው፣ እንደ ወንዙ ሆኖ ያልፋል። ጢም አልባው ስንዴ ከምድር የተገኘ ይመስላል እንጂ ሰው ያኖረው አይመስልም።

እኔ ያደግሁበት ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ገብስ ከውርጭ ጋር የሚታገልበት አገር ነው። አያቴ እህሉ አውድማ ሳይገባ አስቀድማ ማሳው ውስጥ ትዞራለች፤ ዛላውን በእጇ እያየች የምትፈልገውን ትለያለች። ያ ለምግብ አይደለም። ከምድጃው በላይ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ታስሮ ይሰቀላል፤ ነቀዝ አይደፍረውም። የትኛው ለበልግ፣ የትኛው ለመኸር፣ የትኛው ለጠላ፣ የትኛው ለቆሎ እንደሚሆን ጠይቋት የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም ግን በእሷ ምርጫ ይበላል። «ሰነፍ ቆሎ» የሚባለውን ገብስ ታውቁታላችሁ፤ ቅርፊቱ እንደ ሌላው ገብስ ሙጭጭ ስለማይል፣ መሸክሸክ ስለማያሻው፣ ሰነፍም ትቆላዋለች ተብሎ የወጣለት ስም ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ቀልደኛም ተመራማሪም ነበር። የአንድን ዘር መለያ ባሕርይ በሁለት ቃል ጨረሰው። ቫቪሎቭ ላስታን ቢረግጥ ኖሮ ገብሱን ይወስደው እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ ስሙን ይጽፈው እንደ ነበር ግን እጠራጠራለሁ።

ይህን ጉድለት ያነሳሁት ሟችን ለመክሰስ አይደለም። ጠላቱ የገባው በዚሁ ቀዳዳ ስለሆነ ነው።

ትሮፊም ሊሰንኮ ከዩክሬን ፖልታቫ አካባቢ የወጣ የገበሬ ልጅ ነው። ቫቪሎቭ በእኛ አገር በበቅሎ በተጓዘበት በዚያው በ1927፣ «ፕራቭዳ» ጋዜጣ ሊሰንኮን በባዶ እግሩ የሚሄድ ፕሮፌሰር አድርጎ ለሕዝብ አስተዋወቀው። ኋላ ላይ ያወራ የነበረው በክረምት የሚዘራ የስንዴ ዘርን አርሶና አቀዝቅዞ በጸደይ ስለ መዝራት ነው። ነገሩ በራሱ ውሸት አይደለም፤ ቅዝቃዜ የአንዳንድ እህልን አበባ እንደሚያፋጥን የታወቀ ነው። ቫቪሎቭ ራሱ መጀመሪያ ላይ አበረታቶታል፤ ይኼን ብዙ የቫቪሎቭ ወዳጆች ቶሎ ያልፉታል። ችግሩ ሊሰንኮ ከዚያ ተነስቶ የደረሰበት ነው። ዘር ራሱ ይለወጣል፣ ኑሮው የለወጠውን ለልጁ ያወርሳል፣ ስንዴን በአያያዝ አጃ እንኳን ማድረግ ይቻላል አለ። የእኛ ሰው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። ሊሰንኮ የተናገረው የዚህን ግልባጭ ነው፤ ልጓም ከዘር ይስባል።

ልጓም በእጁ ያለ መንግሥት ደግሞ ከዚህ የጣፈጠ ሳይንስ ከየት ያገኛል? የስታሊን መንግሥት መሬቱን በግድ አዋሕዶ ረሃብ አምጥቶ ነበር፤ ቫቪሎቭና ባልደረቦቹ አዲስ ዝርያ ለማውጣት አሥር አሥራ ሁለት ዓመት እንፈልጋለን ይላሉ፤ ሊሰንኮ ሁለት ሦስት ዓመት ይበቃኛል አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1935 የጋራ እርሻ ጀግኖች ጉባኤ ላይ ሊሰንኮ ሲናገር፣ የተማሩ ሰዎች የገበሬውን ሥራ ያበላሻሉ ብሎ ሲያማርር፣ ስታሊን ከመቀመጫው «ብራቮ፣ ጓድ ሊሰንኮ፣ ብራቮ!» አለ። በቃ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ የሳይንስ ክርክር አልነበረም። በ1938 ሊሰንኮ የግብርና አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ቫቪሎቭ የመጀመሪያው ሆኖ ተቀምጦበት የነበረው ወንበር ነው።

የሊሰንኮ ጉልበት በማሳው ምርት አልነበረም፤ በገበሬው ስም መናገሩ ነበር። እኛ ይኼን ቋንቋ እናውቀዋለን። በገበሬው ስም የሚናገር ሰው ሲነሳ ገበሬው ራሱ ዝም ይላል። ወይ ይባላል። ቫቪሎቭ የገበሬውን ዘር ከአምስት አህጉር ሰብስቦ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጎ፣ ቁጥር ሰጥቶ አስቀምጧል፤ ከሊሰንኮ ይልቅ ገበሬውን ያከበረው እሱ ነው። ግን በጽሑፉ ገበሬውን ሲያናግር አናገኘውም። ባዶ የተተወው ወንበር ላይ ሌላ ሰው መጥቶ ተቀመጠ።

ዘረመልን የሚያጠኑ ሰዎች ከተከሰሱበት ክስ አንዱ ደግሞ ለአማርኛ አንባቢ ጆሮ ይቆረቁራል። ዘር ይወረሳል ማለት የፋሺስት አስተሳሰብ ነው ተባለ። ጀርመን ውስጥ ሂትለር ስለ ዘር ያወራል፤ ሞስኮ ውስጥም እነዚህ ስለ ዘር ያወራሉ፤ እንግዲህ አንድ ናቸው። ክሱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም፤ ከሶቪየት የዘረመል ሊቃውንት የሰውን ዘር እናሻሽል የሚል ሐሳብ ያነሱ ነበሩ። ቫቪሎቭ ጋብዞት ሞስኮ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ኸርማን ሙለር ራሱ በ1936 ለስታሊን እንዲህ ያለ ምክር ጽፏል፤ በዓመቱ አገሩን ለቆ ሄደ። ነገር ግን ገብስ የሚቆጥረውን ሰው ሰው ከሚቆጥረው ጋር አንድ አድርጎ ማሰር፣ በአንድ ቃል ሁለት ነገር የመግደል ዘዴ ነው። ዛሬ እኛ አገር አንድ የግብርና ተማሪ «የአካባቢ ዘር መጠበቅ አለበት» ብሎ ቢጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስሙን ነው፤ ከየት እንደ መጣ። ስንዴውን የሚያስታውስ የለም።

ነሐሴ 1940 ቫቪሎቭ ምዕራብ ዩክሬን ውስጥ፣ ቸርኖቪትሲ አካባቢ፣ እንደ ልማዱ ዕፅዋት ሲሰበስብ ጥቁር መኪና መጥቶ ወሰደው። በሰላይነትና በእርሻ አጥፊነት ተከሶ በሐምሌ 1941 ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት። እስር ቤት ሆኖ ስለ ዓለም እርሻ ታሪክ መጽሐፍ ጻፈ፤ ጠፍቷል። ጥር 26 ቀን 1943 ሳራቶቭ ላይ በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። ወጣት ፕሮፌሰር ሆኖ ያስተማረበት፣ ያንን የ1920 ሕጉን ያወጣበት ከተማ ነው። ባልደረባው ካርፔቼንኮ፣ ራዲሽንና ጎመንን አዳቅሎ አዲስ ተክል ያወጣው፣ በ1941 ተረሸነ። በዚሁ ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር፤ የቫቪሎቭ ኢንስቲትዩት ሠራተኞች የዘሩን ክምችት ይጠብቃሉ። ዲሚትሪ ኢቫኖቭ የተባለው የሩዝ አጥኚ በሩዝ ከረጢት መካከል ሆኖ በረሃብ ሞተ። ሌሎችም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች ከሚጠብቁት ውስጥ ከእኛ ተራራ በበቅሎ የወረደ ገብስና ስንዴ ነበረበት።

ላስታ ውስጥ ይህን ታሪክ ስነግራቸው በጀግንነት የማያስደንቃቸው ሰዎች አሉ። «እና ዘሩን አልበሉትም?» ይሉኛል። አልበሉትም። ዝም ይላሉ። ዘር መብላት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታልና፤ ከዚያ በፊት ከብቱ ተሸጧል፣ የቤቱ እንጨት ተሸጧል። ዘሩ የመጨረሻው ነው።

በ1948 ነሐሴ አካዳሚው ስብሰባ ጠራ። ሊሰንኮ የመዝጊያ ንግግሩን ሲጀምር፣ ሪፖርቴን የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ አይቶ አጽድቆታል አለ፤ አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። በሺዎች የሚቆጠሩ የባዮሎጂ ሰዎች ከሥራቸው ተባረሩ፤ መማሪያ መጻሕፍት ተነሱ። ጨዋታው እስከ ክሩሽቾቭ መውረድ ቀጠለ፤ ሊሰንኮ ከመሪነቱ የተነሳው በ1965 ነው።

አሁን አንድ የማይመች ነገር ልበል። ቫቪሎቭ ተሳስቶ ነበር። ገብስና ጠንካራ ስንዴ መነሻቸው ኢትዮጵያ ናት ብሎ ነበር፤ ብዙ ልዩነት ያለበት ቦታ መነሻው ነው የሚል ሐሳብ ስለነበረው። ዛሬ የሁለቱም መነሻ መካከለኛው ምሥራቅ እንደሆነ በቁፋሮም በዘረመል ጥናትም ታውቋል። አሜሪካዊው ጃክ ሃርላን በ1969 ነገሩን አስተካክሎ ጻፈው፤ ኢትዮጵያ የብዝኀነት ማዕከል ናት አለ። ዘሩ ከሌላ ቦታ መጥቶ፣ እኛ አገር በሺህ ዓመታት ውስጥ፣ በተራራው ከፍታና በገበሬው እጅ ሺህ መልክ ያዘ። ለእኔ ይኼ ከመነሻነት የበለጠ ክብር ነው፤ መነሻ መሆን የመሬት ዕድል ነው፣ ሺህ መልክ መስጠት ግን ሥራ ነው። የአያቴ ሥራ። ግን ይህን በአንድ ስብሰባ ላይ ስናገር የተቆጡኝ ሰዎች ነበሩ፤ «ገብስ የእኛ ነው፣ ቫቪሎቭ መስክሯል» አሉኝ። ቫቪሎቭን እንደ ታቦት መሸከም እሱን አለማንበብ ነው። የእሱን ስህተት ያረሙት አዲስ ማስረጃ ያመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሃርላን ሲያርመው ማንንም ማሰር አላስፈለገውም። ሊሰንኮ ሲያሸንፈው ግን አንድ ማስረጃ አላመጣም።

ወደ አገራችን ስመጣ ደግሞ ነገሩን አጣምሜ ላቀርበው አልፈልግም። ደርግ የሶቪየት ወዳጅ ነበር፣ ሊሰንኮን ግን አላስገባም፤ ያኔ ሊሰንኮ ለሞስኮም ማፈሪያ ሆኗል። እንዲያውም ሊሰንኮ በሞተበት በዚያው በ1976 አዲስ አበባ ላይ በጀርመኖች ድጋፍ የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው። ደርግን ስናነሳ ይህን መዝለል ፍትሕ አይሆንም።

ሊሰንኮ ግን ላቦራቶሪ ብቻ ውስጥ የሚገኝ ሰው አይደለም። «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!» የሚለው ጽሑፍ በየአደባባዩ ተሰቅሎ የነበረበትን ዘመን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት፣ ወሎ ይረግፍ ነበር፤ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑን ይመሩ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ «የደም ዕንባ» ላይ እንደሚተርኩት፣ የረሃቡ ወሬ በዓሉን እንዳያደበዝዝ ይፈለግ ነበር። ቀጥሎ ሰፈራ መጣ። ወደ 600,000 ሰው፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ቆላ ተጋዘ። የሰፈራውን ጭካኔ የጻፉ ብዙ ናቸው። እኔ የምጨምረው ከላስታ ደጋ የወጣ ሰው ጋምቤላ ሲደርስ የሚያውቀው ዘር በሙሉ ከንቱ እንደሚሆንበት ነው። ውርጭ የሚችለው ገብስ፣ በልግ የሚጠብቀው ገብስ፣ ያ ሁሉ ዕውቀት ቦታው ላይ ቀረ። ሰውን ካበቀለው አፈር ነቅለህ ሌላ ቦታ ብትተክለው አዲስ ሰው ይሆናል የሚለው እምነት የሊሰንኮ እምነት ነው፤ ስንዴውን በሰው ተክቶ።

በዚያው ጊዜ ማዕከሉን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው፤ ከ1979 እስከ 1993 እ.ኤ.አ.። የተማሩት ኔብራስካ፣ ሙያቸው ዘረመል። በድርቁ ዓመታት ገበሬው ዘሩን ሳይበላው ወይም ሳይሸጠው ለመድረስ የማዕከሉ ሰዎች ይሰበስቡ ነበር፤ በኋላም ወሎና ሸዋ ላይ ገበሬው የራሱን ዘር በራሱ ማሳ እንዲያቆይና እንዲያሻሽል ከገበሬው ጋር ሠሩ። በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ከቫቪሎቭ የሚለዩበት ነጥብ ለእኔ ከሽልማቱ ይበልጣል። እሳቸው ገበሬውን የሥራ ባልደረባ አድርገው ቆጠሩት። ዘሩ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ማሳ ላይም ይጠበቅ አሉ፤ ማሳ ላይ ከተጠበቀ ደግሞ ጠባቂው ስም አለው። የ«አምስት አህጉራት» የኢትዮጵያ ምዕራፍ የጎደለው አንቀጽ በአምባገነን መንግሥት ዘመን፣ ወሎ ውስጥ፣ በሥራ ተጻፈ ብል ማጋነን አይመስለኝም። እንዴት እንደተፈቀደላቸው፣ ከካድሬው ጋር እንዴት እንደተግባቡ የሚተርክ የአማርኛ መጽሐፍ ብናገኝ ከብዙ የፖለቲከኛ ማስታወሻ እመርጠዋለሁ።

የቫቪሎቭን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ልመልሰው የሚል ተርጓሚ ካለ ግን አንድ ነገር ልንገረው። ከባዱ የሳይንሱ ቃል አይደለም፤ ዘረመል ብሎ ያልፈዋል። የሚያስቸግረው የእህሉ ስም ነው። «አጃ» ላስታ ውስጥ ያ ቅርፊቱን የማይለቀው ጥንታዊ ስንዴ ነው፤ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ግን ለሾርባ የሚገዛው የፈረንጁ እህል ነው፤ እኔም ቅድም ስለ ሊሰንኮ ስጽፍ ሁለቱንም ለማይሆነው ለሦስተኛው የሩሲያ እህል አውየዋለሁ፣ ሌላ ስም ስለሌለን። መዝገበ ቃላት አይፈታውም። ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ወጥቶ፣ እህል ተራ ቁጭ ብሎ፣ ሴቶቹን በየከረጢቱ ፊት «እማማ፣ ይኼ ምን ይባላል? ያኛውስ?» እያለ ይጻፍ።